የቀጨሞ ሜዳ ችካሎች

ዘነበች ስትናገር ትጮኻለች። ተቆጥታ አይደለም፤ ግማሽ ዕድሜዋን በወፍጮ ድምፅ ላይ ስትናገር ስለኖረች ሌላ አነጋገር አታውቅም። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ወደ ገሳይ በሚወስደው አስፋልት ዳር ወዳለው ወፍጮ ቤቷ ገብቶ «እንደምን አደርሽ?» ላላት ሰው የምትሰጠውን መልስ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤቶችም ይሰሙታል። ቤተ ክርስቲያን ቆማ በሹክሹክታ ስትለምን እንኳ፣ ከጎኗ ያሉት ሴቶች ስለቷን በሙሉ ሰምተው ነው ወደ ቤታቸው የሚመለሱት። ሟቹ ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «እኔ ሚስት አላገባሁም፤ ደወል ነው ያገባሁት» እያለ ይስቅባት ነበር።

እሱ ሲሞት ወፍጮውን ትሸጠዋለች ያላለ ሰው አልነበረም። እሷ ግን ለቅሶው እንዳለፈ የባሏን ቱታ ለብሳ ሞተሩ ሥር ገባች። ቺንጋ መቀየሩንም፣ ድንጋይ መውቀሩንም ከመካኒኩ ጋር እየተጨቃጨቀች ተማረች። ዘነበች ይሆናል ያለችው ነገር ይሆናል፤ ካልሆነም እስኪሆን ድረስ እንቅልፍ አትሰጠውም። ሰው ይህን ጠባይዋን ስለሚያውቅ ሴት ልጅ የተወለደችለት ሁሉ ክርስትና አንሺልኝ ብሎ የሚለምነው እሷን ነው። እንዲህ ያለች ጠበቃ ለልጁ የማይመኝ ማን አለ? በዚህ የተነሣ ከአካባቢው ሰው ገሚሱ አበልጇ ሆኖ ቀረ።

አበልጅነት ደግሞ በዚያ አገር ቀልድ አይደለም። አበልጅ ለአበልጁ ከመቀመጫው ይነሣል፤ ፊት ለፊት አይቃወመውም፤ የለመነውንም አይነሣውም። አቶ ሙላቴ ዕድሜያቸው የዘነበችን አባት የሚያህል ሆኖ ሳለ፣ የመጨረሻ ልጃቸውን ፋሲካን ክርስትና ስላነሣችላቸው ብቻ «አበልጄ፣ እንደምን አደሩ?» እያሉ አንቱ ይሏታል። እሷም ብድግ ብላ «እግዜር ይመስገን፣ እርስዎስ?» ትላለች፤ እርግጥ እየጮኸች። ይህ ክብር በጣም ደስ ይላት ነበር። ምን ያህል ጣጣ እንዳለው ያወቀችው ዘግይታ ነው።

የገጠሩ ቀበሌ ወደ ከተማው ሲካለል ሕዝቡ ዘነበችን መርጦ ለከተማው ምክር ቤት ላካት። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ውሃውንም፣ መብራቱንም፣ ድልድዩንም ሲደረድሩ እሷ «እኔ የኳስ ሜዳ አመጣለሁ፤ ሌላውን እነሱን ጠይቁ» ብላ ተቀምጣ ነበር። የሰፈሩ ልጆች የሚጫወቱት አስፋልቱ ዳር ነው። አንድ ቀን ፋሲካ ኳስ ተከትላ መንገድ ውስጥ ስትገባ ባጃጅ ገጫት፤ እግሯ ተሰበረ። አቅፋ ሆስፒታል ያደረሰቻት ዘነበች ናት። ፋሲካ ድና ዛሬ ከወንዶቹ እኩል ትራገጣለች። ዘነበች ግን ወፍጮው ጸጥ ባለ ቁጥር ጆሮዋ ወደ አስፋልቱ ይሄዳል፤ ፍሬን ሲያዝ ከሰማች የያዘችውን ጥላ ትወጣለች።

ለሜዳ የሚሆን ቦታ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነበረ። ቀጨሞ ሜዳ ይባላል፤ የወል ሣር ነው። ክረምቱን ሙሉ ከብት አይገባበትም። ኅዳር ላይ የሜዳው ሽማግሌ አቶ ሙላቴ ቀን ይቆርጡና ሁሉም ማጭዱን ይዞ ወጥቶ ድርሻውን ያጭዳል፤ ከዚያ እስከ ዝናቡ ድረስ ለከብትም ለሰውም ክፍት ነው። ለኳስ ግን አይመችም፤ መካከሉ ረግረግ ስለሆነ ኳሷ ጭቃ ውስጥ ትቀራለች። እዚያ በደስታ የሚጫወቱት የገና ተጫዋቾች ብቻ ናቸው፤ የገና ተጫዋች ጭቃ አይገደውም።

ችግሩ ጊዜ አለመኖሩ ነው። ከተማው የዐሥር ዓመት ፕላኑን እያዘጋጀ ነበር፤ ምክር ቤቱም በገናና በጥምቀት መካከል ተሰብስቦ ያጸድቀዋል ተብሏል። ነዋሪው ተስማምቶበት ለስፖርት ያልተያዘ ክፍት ቦታ ሁሉ ለቤት መሥሪያ ይሸነሸናል። ቀጨሞ ሜዳ በዚህ ስብሰባ ካመለጠ በሚቀጥለው ዓመት የቆርቆሮ ሰፈር ነው።

የከተማው የፕላን ባለሙያ ይርዳው የሚባል ከአሰላ የመጣ ወጣት ኢንጂነር ነበር። ኳስ የሚወድ፣ ሥራውን የሚወድ፣ ካርታ ሲዘረጋ ፊቱ የሚበራ ልጅ ነው። ለቀጨሞ ሜዳ የሠራው ንድፍ ያምራል፤ የእግር ኳስ ሜዳ፣ የመረብ ኳስ ቦታ፣ የመሮጫ መም፣ ዙሪያውን የሽቦ አጥር፣ አንድ ትልቅ የብረት በር። ዘነበች ንድፉን ባየች ዕለት ገበያ ወርዳ ቡጢ የሚያህል ጓጉንቸር ገዛች። በሩ ገና ወረቀት ላይ ነው፤ ቁልፉ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ በገመድ ካንገቷ ተንጠለጠለ።

ኅዳር ላይ፣ ሣሩ እንደታጨደ፣ ነዋሪው ቀበሌ አዳራሽ ተጠራ። ይርዳው ካርታውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ አስረዳ። ዘነበች ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችው፤ ድምጿ የአዳራሹን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው።

«እንግዲህ የሚቃወም አለ?» አለች ስትጨርስ።

አንድም እጅ አልወጣም።

«የሚደግፍስ?»

የአቶ ሙላቴ እጅ ቀድሞ ወጣ። የሌላውም ሁሉ ተከተለ። «እግዜር ይስጥልን፣ አበልጄ» አሉ አቶ ሙላቴ ጎንበስ ብለው። ይርዳው ቃለ ጉባኤውን በደስታ እየሳቀ አስፈረመ፤ እንዲህ ያለ ስምምነት በሥራ ዘመኑ አይቶ አያውቅም። ዘነበችም አላየችም፤ ግን አልገረማትም። የተናገረችው እሷ ናታ!

በሳምንቱ ይርዳው ከሠራተኞቹ ጋር መጥቶ የሜዳውን ዙሪያ በችካል ከለለው። በማግሥቱ ጠዋት ዘነበች ወፍጮ ቤቷን ልትከፍት ስትሄድ ችካሎቹ በሙሉ በሯ ላይ ተደግፈው አገኘቻቸው። ተነቅለዋል። ግን እንዴት ያለ አነቃቀል ነው! ጭቃቸው ተጠርጎ፣ በልክ በልካቸው ተደርድረው፣ በገመድ ሽክፍ ተደርገው ታስረዋል። ዝናብ እንዳይመታቸውም በላያቸው የማዳበሪያ ከረጢት ጣል ተደርጎባቸዋል።

ይርዳው ሲደርስ ፊቱ ቀላ። «እትዬ፣ ይኼ ወንጀል ነው። ለፖሊስ እናመልክት።»

«ፖሊስ ምን ያደርግልሃል? ሌባ እንዲህ አድርጎ አስሮ ሲመልስ አይተህ ታውቃለህ?» አለች ዘነበች። ሊያስቃት ነበር፤ የገመዱን ቋጠሮ ስታይ ግን ተወችው። የነቀሉት የሚያከብሯት ሰዎች ናቸው። ይህ ደግሞ ከሌባ የባሰ ነው፤ ሌባን ይዘው ይጠይቁታል።

ያን ሳምንት እህል ይዞ የመጣውን ሁሉ ጠየቀች። ሞተሩን አጥፍታ ጠየቀች፤ ይህ እሷ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው።

«ችካሉን ማን ነቀለው?»

«እኛ እንጃ፣ አበልጄ።»

«ሜዳው አይሠራ ነው የምትሉት?»

«ኧረ በፍጹም! ምን ቆርጦን? እንዳሉ ነው።»

አቶ ሙላቴም ገብስ አስጭነው መጡ። ዘነበች አስቀመጠቻቸው፤ ከፊታቸው ቆመች። «እርስዎ ይንገሩኝ። የቀረ ነገር አለ? ያስቀየምኩት ሰው አለ?»

«አበልጄ፣ እርስዎ ያሉት ሁሉ ደግ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ከዱቄቱ ሳያነሡ። «እርስዎ ያሉት ይሆናል።»

ገብሳቸው ተፈጭቶ ሲወጡ ዘነበች በሩ ላይ ቆማ ከኋላ አየቻቸው። እጅ እንዳወጡት ሁሉ አሁንም እሺ ብለዋታል። በዚያ አዳራሽ የወጣው እጅ ለካ ለካርታው የወጣ አልነበረም፤ ለሷ የወጣ ነበር። ለአበልጅ የሚወጣ እጅ፣ ስትገባ ብድግ እንደሚባልላት ያለ ነገር ነው። ይህን ስታስብ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ምንም እንደማይሠራላት ተሰማት፤ ከፋትም። ብትጮኽ እሺ ይሏታል። ብትለምን እሺ ይሏታል። ብታለቅስ ደግሞ አብረዋት አልቅሰው እሺ ይሏታል። ችካሉ ግን አይቆምም፤ ምክር ቤቱ የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው።

«ቃለ ጉባኤው እጃችን ላይ አይደል?» አለ ይርዳው ቢሮው ድረስ ስትሄድ። «ሁሉም ፈርመዋል። በሕግ በቂ ነው።»

«ለሕጉ ይበቃ ይሆናል። ሜዳው ላይ ግን የሚኖረው ሕጉ ሳይሆን ሙላቴ ናቸው። እውነቱን እሰማለሁ። ገና ይድረስ።»

ይርዳው ገናና የሜዳ ፕላን ምን እንደሚያገናኛቸው አልገባውም፤ አገሩ ሩቅ ነው። በዚያ አገር የገና ዕለት ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ጎበጥ ያለ ዱላቸውን ይዘው ቀጨሞ ሜዳ ላይ ይወርዳሉ። ጥንጓን፣ ያችን ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል፣ እያሳደዱ ሲቧቀሱ ይውላሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ግጥሙ ይጀምራል። በዚያች ቀን ዱላ የያዘ ሰው ያሻውን በግጥም ይሰድባል፤ ዳኛውን፣ አለቃውን፣ አማቱን። የተሰደበ ሰው ይስቃል። የሚቆጣ ከተገኘ ነውሩ የሱ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሲወራበት ይከርማል። አቶ ሙላቴ በወጣትነታቸው በዚህ ግጥም የታወቁ ነበሩ፤ የሰደቡት ሁሉ ዛሬም ስድቡን በቃሉ ይዞ በኩራት ይናገረዋል።

ሴቶች እንደ ልማዱ ዳር ሆነው ይመለከታሉ። ዘንድሮ ዘነበች ዳር አልቆመችም። ጠላውንና ዳቦውን አስጭና፣ ይርዳውን በግድ አስከትላ፣ ትልልቆቹ ሰዎች ከሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ ሄዳ ጉብ አለች። ጨዋታው አልቆ ታች ሰፈር ካሸነፈ በኋላ ተነሥታ አቶ ሙላቴ ፊት ቆመች።

«ዛሬ ገና ነው» አለች፣ ሜዳው ሁሉ እየሰማ። «ዛሬ እኔ የማንም አበልጅ አይደለሁም። እዚህ የቆምኩት የምክር ቤት አባል ሆኜ ነው። ችካል የነቀለ አፍ የለውም እንዴ?»

ሕዝቡ መጀመሪያ ደነገጠ። ከዚያ ከወጣቶቹ መካከል መልካሙ የሚባል ቀልደኛ ጎረምሳ ዱላውን ወዘወዘና ጀመረ።

«የዘነበች ድምፅ ከወፍጮዋ ብሶ፣
ገሳይ ያለው በሬ ሄደ ገመድ በጥሶ!»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ዘነበችም ሳቀች፤ ከሁሉም በላይ የተሰማው የሷ ሳቅ ነው። «ይኼንን ድሮም አውቃለሁ! ሌላ የላችሁም?» አለች። ይርዳው ጎኗ ሆኖ እንዳትጣላ እየሰጋ ክንዷን ይዟታል። ወጣቶቹ ስለ ቱታዋ ገጠሙ፤ ስለ ስለቷም ገጠሙ። የምትፈልገው ግን አልመጣም። አቶ ሙላቴ ዱላቸውን ተደግፈው ወጣቶቹን ይመለከታሉ።

«እርስዎስ?» አለቻቸው። «አረጁ እንዴ?»

ይህ በቂ ነበር። ሽማግሌው ቀና አሉ። ዱላቸውን ወደ ሰማይ አነሡና፣ ዘነበች በልጅነቷ የሰማችው ያ የጥንት ድምፃቸው ከየት መጣ ሳይባል ወጣ።

«ዘነበች አጠረች ሜዳውን በሽቦ፣
በሬዬ ውጭ ቆሞ ሊያልቅ ነው ተርቦ!»

«እሰይ!» አለ ላይ ሰፈር። «እሰይ!» አለ ታች ሰፈርም። ተሸናፊና አሸናፊ አንድ ላይ ሲጮኽ ዘነበች ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። ሽማግሌው አላቆሙም።

«ባለወፍጮ ስንል ባለቁልፍ ሆነች፣
ያባቶቼን ሜዳ መቆለፍ ተመኘች!»

ይኸኛው አልፎ ልቧን ወጋት። ሳቀች፤ መሳቅ ግዴታዋ ነው፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ። እጇ ሳታዘው ወደ አንገቷ ሄደ፤ ቁልፉ እዚያ ነበር። ለልጆቹ ብዬ ነው እያለች የያዘችው ያ ቁልፍ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስደስታት ነበር። በሩን ስትከፍት፣ ልጆቹ «እትዬ ዘነበች መጣች!» እያሉ ሲሮጡ፣ ስንቴ በሐሳቧ አይታዋለች! ያባታቸውን ሣር ያጨዱ ሰዎች በሷ በር ላይ ቆመው አስገቢን ሲሏት ግን አንድም ቀን አላየችም። አፈረች። ከዚያ የቁልፉን ገመድ ባንድ እጇ በጠሰችና ቁልፉን ረግረጉ መካከል ወረወረችው።

«ጠላ ቅዱላቸው!» አለች። «ለሙላቴ በትልቁ ዋንጫ!»

የበዓሉ ድካም ሳይወጣላት በማግሥቱ ይርዳው ቢሮ ተገኘች። አጥሩ ይውጣ፤ በሩ ይውጣ፤ ክረምቱ የሣር፣ በጋው የጨዋታ ይሁን፤ የአጨዳውን ቀን እንደ ድሮው ሙላቴ ይቁረጡ፤ ይህም በፕላኑ ውስጥ ይጻፍ አለች። ይርዳው ራሱን ያዘ።

«እትዬ፣ የስፖርት ሜዳ ያለ አጥር አይጸድቅም። መኪና ይገባበታል፤ ድንበሩም በዓመቱ ይጠፋል።»

«አንተ ኢንጂነር አይደለህ? እኔ ስድቡን አመጣሁልህ፤ መላውን አንተ አምጣ።»

አመጣም። እርሳሱን ይዞ ካርታው ላይ ተደፍቶ ቆየና ድንገት ሳቀ። ረግረጉን ለማድረቅ የግድ የውሃ መውረጃ ቦይ መቆፈር አለበት። ያ ቦይ በመካከል ከመሄድ ይልቅ ሜዳውን ዙሪያውን ቢከበው ውሃውንም ይወስዳል፤ መኪናም አያሳልፍም፤ ድንበርም ይሆናል። ለከብትና ለሰው ሁለት ቦታ ላይ በድንጋይ ድልድይ ይሠራል። ቦይ ደግሞ በር የለውም። ዘነበች ካርታውን ሳይሆን የልጁን ፊት አየች፤ ግንባሩን ሳመችው።

ምክር ቤቱ የተሰበሰበው ከተማው ለጥምቀት ሽር ጉድ ሲል ነው። አዳራሹ ሞልቷል፤ ከየቀበሌው የመጡ የነዋሪ ተወካዮችም ከኋላ ተቀምጠዋል። አቶ ሙላቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ጫፉ ላይ ናቸው። የቀጨሞ ሜዳ ተራ ሲደርስ ይርዳው አዲሱን ንድፍ ዘረጋ። አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ነዋሪው ተስማምቷል? ችካል ተነቅሏል የሚባል ነገር ሰምተናል።»

ዘነበች ተነሣች። ማይክራፎን ቢሰጧትም አልተቀበለችም። «መጀመሪያ ተስማምቶ ነበር፤ ችካሉን ነቀለው። ኋላ ሰደበኝ። አሁን ነው የተስማማው።»

ሳቁ እስኪበርድ ድረስ ቆየ። አፈ ጉባኤውም እየሳቁ ወደ ኋላ አዩና የነዋሪው ተወካይ ራሳቸው ይናገሩ አሉ። አቶ ሙላቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። ዘነበች ሰጋች። ገና አልፏል። ዛሬ ዱላ የለም፤ ግጥም የለም፤ እንደገና አበልጅ ሆናለች። አሁንም «እሳቸው ያሉት ይሆናል» ካሉ፣ ቦዩም እንደ ችካሉ አንድ ጠዋት ተደፍኖ፣ አካፋው ታጥቦ በሯ ላይ ይቀመጣል።

«ቦዩን አይተነዋል፤ ተስማምተናል» አሉ ሽማግሌው።

እሺ። ያው እሺ ነው። ዘነበች እውነት ይሁን ይሉኝታ መለየት አልቻለችም።

አፈ ጉባኤው ደስ ብሏቸው እጃቸውን አፋተጉ። «መልካም! እንግዲያው አንድ ሐሳብ አለኝ። ለዚህ ሜዳ የደከሙት ወይዘሮ ዘነበች ናቸው፤ ስሙም በሳቸው ቢሰየም? ‹የዘነበች ሜዳ› ብለን እናጽድቀው።»

ቤቱ አጨበጨበ። ይርዳው ከሁሉ አስበልጦ አጨበጨበ። ዘነበችስ? ደስ አላት እንጂ፤ ሰው ናት። አቶ ሙላቴ ግን አልተቀመጡም። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ፤ ዓይን ዓይኗን አዩ።

«አበልጄ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ። «አይሆንም። ሜዳው ስም አለው። ቀጨሞ ሜዳ ነው።»

አፈ ጉባኤው ደንግጠው ዘነበችን አዩ፤ ይርዳውም አያት። የሷ ፊት ግን እንደ ሙሽራ ፈክቶ ነበር። ወፍጮዋን አጥፍታ ስትለምነው የከረመችውን ቃል፣ በአዘቦት ቀን፣ በአንቱታ፣ ፊት ለፊት ሰጧት። «አይሆንም ብለዋል!» አለች፤ ውጭ ቆመው የነበሩት ዘበኞች እንኳ ሰሟት። «ቀጨሞ ሜዳ ተብሎ ይጽደቅ!»

የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። የአባላቱ እጅ ወጣ። ከኋላ፣ ድምፅ መስጠት የማይመለከታቸው አቶ ሙላቴም እጃቸውን አወጡ። ዘነበች ዞር ብላ ያንን እጅ አየችው። አይሆንም ማለት የሚችል ሰው ያወጣው እጅ ነውና፣ አሁን አመነችው።